ቡታጅራ በፓሪስ ሰማይ ሥር

ስቴላሪየም የሚባለው የሰማይ ፕሮግራም የት እንዳላችሁ ካላወቀ ፓሪስ ይወስዳችኋል። ፓስፖርት የለ፣ ቪዛ የለ፣ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ሰልፍ የለ፤ ትከፍቱታላችሁ፣ ፓሪስ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 መጻፍ የጀመረው ፋቢየን ሼሮ የሚባል ፈረንሳዊ ስለሆነ አይፈረድበትም፤ ሰው የሚዘረጋው የሚያውቀውን ሰማይ ነው። የጉራጌ ልጅ ከአገሩ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያርፈው መርካቶ እንደሆነ አገር ያውቃል። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ግን መርካቶን ዘሎ፣ ቦሌንም ዘሎ፣ ሴን ወንዝ ዳር አረፈ።

ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። ፓሪስ ከምድር ወገብ 49 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናት፤ ቡታጅራ 8 ዲግሪ። የሰሜን ኮከብ ከፍታ ሰው ከቆመበት ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ላፕቶፑ ላይ ኮከቡ ከአድማስ እስከ አናት ካለው መንገድ ከግማሽ በላይ ወጥቶ ተሰይሟል። ቡታጅራ ላይ ግን ከአድማሱ ብዙ ስለማይርቅ ከባሕር ዛፍና ከኮረብታ መሐል ተፈልጎ የሚገኝ ነገር ነው። በደቡብ በኩል ደግሞ የባሰ አለ። የደቡብ መስቀል የሚባሉት ኮከቦች ፓሪስ ላይ ጨርሶ አይወጡም። መስቀልን ሊያከብር አገሩ የገባ ሰው መስቀል የሌለበት ሰማይ ተሰጠው ማለት ነው። (እርግጥ የደቡብ መስቀል በመስከረም ከፀሐይ ጋር ስለሚውል ማታ አይታይም፤ ደምቆ የሚታየው በፋሲካ ሰሞን ነው። ቢሆንም ይከነክናል።)

የእህቴ ልጅ ወልቂጤ ነው የሚማረው፤ ላፕቶፑንም የገዛው እዚያው ነው፣ ያገለገለ። እናቴ ቤት ቡታጅራ ስንሰባሰብ ይዞት መጣ። ቀኑ የደመራ ዕለት፣ መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር። ዓርብ ስለዋለ ክትፎው ለነገ ተላልፏል። ደመራው ተለኩሶ፣ ሰው በጎመንና በቆጮ ጾሙን ይዞ፣ ቅቤውን ከሩቅ እያሸተተ ተቀምጧል። እንዲህ ባለ ማታ ማንኛውም መዝናኛ ይፈለጋል። ልጁ «እውነተኛ የሰማይ ፎቶ ላሳያችሁ» ሲል ጎረቤት ሁሉ ወንበሩን ጎትቶ ቀረበ።

መጀመሪያ ላፕቶፑን ከፓሪስ መመለስ ነበረበት። ኤፍ 6 የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ የቦታ መስኮት ይከፈታል፤ የከተማችሁን ስም ትፈልጋላችሁ፣ ከሌለ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን በቁጥር ትሞላላችሁ። ልጁ የለመደውን ሞላ፦ 8 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ47 ደቂቃ ምሥራቅ። ወልቂጤ።

«ላፕቶፑ ያለው የት ነው?» አሉ አንድ ጎረቤታችን፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

«ቡታጅራ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሰማዩ ለምን የወልቂጤ ይሆናል?»

ይህ ጥያቄ በሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ያልፍ ነበር። ዞኑ ለሁለት ተከፍሎ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ከሆኑ ወዲህ ግን ማንኛውም ነገር የት እንደሚመዘገብ ማጣራት ጨዋነት ሆኗል። ልጁ ቶሎ ብሎ ቁጥሩን ለወጠ፤ 8 ዲግሪ ከ7 ደቂቃ፣ 38 ዲግሪ ከ22 ደቂቃ። ከዚያም ሳይጠየቅ ትንታኔ ጨመረ። ሁለቱ ከተሞች በኬንትሮስ የሚለያዩት ከአንድ ዲግሪ ባነሰ፣ በ35 ደቂቃ ነው። ምድር ደግሞ አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ አንድ ኮከብ ቡታጅራ ላይ ከወጣ በኋላ ወልቂጤ ላይ ለመውጣት ከሁለት ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈልጋል።

«ሰማችሁ?» አሉ ባለመነጽሩ። «ኮከብ እንኳን የሚመጣው በእኛ በኩል ነው!»

«ሲጠልቅም ቀድሞ የሚጠልቀው እናንተ ጋ ነዋ፣ ጋሼ» አለ ልጁ። «ያውም አድማሱ ጋ ሳይደርስ ዘቢዳር ይወስድባችኋል።» ዘቢዳር ከከተማው በስተምዕራብ ቆሞ የማታውን ሰማይ እንደሚጋርድ ማንም የቡታጅራ ሰው አይክድም። ነገሩ በእርቅ ተዘጋ። እኔ እንደሆንኩ የሁለት ደቂቃ ብልጫ አዲስ ዞን እንደማያሰጥ አምናለሁ፤ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ማን ይናገራል?

እስካሁን በስክሪኑ ላይ የነበረው ሥዕል እንጂ ፎቶ አይደለም። ፕሮግራሙ ኮከቦቹን ከመዝገብ እያነበበ፣ ለደማቁ ትልቅ፣ ለደብዛዛው ትንሽ ነጥብ ያኖራል። ፎቶው የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ ታሪኩም ረዘም ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1958፣ ማለትም እኛ ዘንድ ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ እያሉ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎማር ተራራ ላይ ያለ ባለ 48 ኢንች ቴሌስኮፕ በናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ገንዘብ የሰሜኑን ሰማይ ቁራጭ በቁራጭ እያነሳ ጨረሰ። ያነሳው በፊልም አይደለም፤ በመስታወት ላይ ነው። እያንዳንዱ መስታወት ጎንና ጎኑ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ በላዩ ላይ የሚያርፈው የሰማይ ቁራጭ ደግሞ 13 ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ያስደረድራል። መስታወቱን አጋልጦ ለረዥም ደቂቃ መጠበቅ ስላለ፣ ዓይናችን ከሚችለው በመቶ ሺዎች ጊዜ የደበዘዘ ኮከብ ሳይቀር ተቀርጿል። ለደቡቡ ሰማይ ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ሳይዲንግ ስፕሪንግ የቆመው የእንግሊዞች ቴሌስኮፕ ከ1973 ጀምሮ ያንኑ ሥራ ያዘ።

መስታወቶቹ በሣጥን ተደርድረው ይቀሩ ነበር፣ ሀብል ባይመጣ። ጠፈር ላይ የሚንሳፈፍ ቴሌስኮፕ ወዴት እንደሚያይ የሚያውቀው መሪ ኮከቦችን እየተመለከተ ነው፤ መሪዎቹን ለመምረጥ ደግሞ የመላው ሰማይ መዝገብ ያስፈልጋል። ባልቲሞር ያለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሳይንስ ተቋም የፓሎማርንና የአውስትራሊያን መስታወቶች አንድ በአንድ ስካን አደረገ። ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጋ ነገር ተመዘገበ፤ ሀብል በ1990 ወጣ። ስካኑም አልተጣለም፤ ተጨምቆ በ1994 በ102 ሲዲ ለሰው ተሰጠ። ሲዲ ቤት በነበረበት ዘመን የሕንድ ፊልም ሁለት ሲዲ ነበር፤ ሰማይ 102 ሲዲ ነው። ዛሬ ያ ሁሉ በኢንተርኔት ይመጣል፤ የመጀመሪያውም፣ ቆየት ብሎ በሁለቱም ቴሌስኮፖች እንደገና የተነሳውም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ፓሪስ ያለ ሰው ከደቡቡ ስብስብ ከፊሉን ቢተወው አይጎዳም፤ አይወጣለትምና። ሲድኒ ያለውም የሰሜኑን ጫፍ ይተዋል። ቡታጅራና ወልቂጤ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ከጠበቃችሁ፣ ከመላው ሰማይ የሚቀርባችሁ በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ያለች፣ ከመቶ አንድ እጅ እንኳን የማትሞላ ክብ ብቻ ናት። ፓሎማርም ለእኛ ነው፣ አውስትራሊያም ለእኛ ነው። 102ቱም ሲዲ ለእኛ ነው! ይህን ስናገር ባለመነጽሩ ጎረቤታችን «ታዲያ ሲዲውን ማን አስቀረው?» አሉኝ።

ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። ፎቶውን የምታበራው ቁልፍ ከስክሪኑ ሥር በተደረደሩት መሐል ናት፤ እሷም ራሷ አስቀድሞ በሴቲንግ ውስጥ «ትታይ» ተብላ ካልተፈቀደላት አትወጣም። ልጁ ፈቀደላት። ችግሩ ሰማዩ ገና ሰማያዊ መሆኑ ነው፤ ፀሐይ ቁልጭ ብላ ወጥታለች። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ። ልጁ ነገሩን ናቀው፤ ኤ የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ከባቢ አየሩ ጠፋና ፀሐይዋም ኮከቦቹም በጥቁር ላይ አብረው ታዩ። ከዚያ በኋላ ማውዙን እያሽከረከረ ወደ አንድ ኮከብ ቀረበ፣ ፎቶው እስኪመጣ ጠበቅን።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሰማዩ በሺዎች በሚቆጠሩ ካሬዎች ተከፋፍሎ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል፤ ወደምታዩበት ቦታ በቀረባችሁ ቁጥር የዚያ ቦታ ካሬዎች ብቻ ይጠራሉ። እንደ መስቀል እንግዳ አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ አንዱ ሰው ከተነሳ በኋላ ይገባል፣ አንዱ ጭራሽ ይቀራል። በእኛ ማታ ግን ማንም አልመጣም። ጥቁር።

«ኔትወርክ ነው» አለ ልጁ።

«ኔትወርክ ነው» አለ ቤቱ በሙሉ። አገራችን ውስጥ ሁሉም ሰው ያለ ክርክር የሚስማማበት አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ሆትስፖት የሚሰጠው ስልክ መስኮት ላይ ወጣ። ከመስኮት ወደ ቁምሳጥን አናት ተዛወረ። አንዱ ወጣት ስልኩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ በረንዳ ላይ ቆመ፤ ሌላው «ወደ ዘቢዳር አዙረው» አለው። ፓኬጅ ተሞላ። በመጨረሻ ኢንተርኔት ቤት የሚሠራ አንድ የሠፈር ልጅ ተጠራ። መጽሐፈ ሄኖክ ውስጥ ሄኖክ የፀሐይንና የጨረቃን በሮች ሲጎበኝ መልአኩ ዑርኤል አጠገቡ ቆሞ በየትኛው በር ገብታ በየትኛው እንደምትወጣ ያስረዳው ነበር፤ መጽሐፉ ሙሉውን ተጠብቆ የቆየው በእኛው ግዕዝ ስለሆነ በዚህ መኩራት ይቻላል። ለእኛ ዑርኤል ሆኖ የመጣው ልጅ ግን ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራና «ኔትወርክ ነው» ብሎ ሄደ።

ነገሩን የፈታችው እናቴ ናት፤ ያውም ልትፈታው ብላ አይደለም። ቡና እያፈላች ስክሪኑን በጎን ታይ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ዕቃ አልመሸም ነው የሚለው?»

«ፕሮግራሙ እንደዚያ ነው የሚጀምረው፣ እማማ።»

«በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር እንዴት መምሸቱን አያውቅም?»

ልጁ ሊመልስ አፉን ከፈተና የላፕቶፑን ሰዓት አየ። 2:00፣ ከቀኑ። ቀኑን አየ፦ 16፣ ወር 1፣ ዓመት 2018። የሸጠለት ሰው ይሁን ከእሱ በፊት የነበረው አይታወቅም፤ ብቻ አንድ ጨዋ ሰው ላፕቶፑን በአገሩ አቆጣጠር ሞልቶታል። መስከረም አንደኛው ወር ነው፣ ዛሬ 16 ነው፣ ዘመኑ 2018 ነው፣ ሰዓቱም ሁለት ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ ውሸት የቱ ነው? አንዱም። ላፕቶፑ ግን የሚያነበው በእነሱ ነውና ራሱን ጃንዋሪ 16 ቀን 2018፣ ከእኩለ ቀን በኋላ ሁለት ሰዓት ላይ አስቀምጧል። ከእኛ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ፀሐይ እየሞቀ።

የዚህ መዘዝ ሦስት ነገር ላይ ደርሷል፤ ሦስተኛው ነው ጉዱ። የመጀመሪያው ግልጽ ነው፣ ቀንና ሌሊት ተምታቷል። ሁለተኛው ፕላኔቶቹ ናቸው። ኮከቦች በሰባት ዓመት ውስጥ ለዓይን በሚታይ መጠን ቦታቸውን አይለቁም፤ ሳተርን ግን በጃንዋሪ 2018 ቀውስ ውስጥ ነበር፣ በዚያ ደመራ ማታ በእውነተኛው ሰማይ ላይ ደግሞ ደለዊና ሑት የሚዋሰኑበት ቦታ ደርሷል። ይሄኔ አንዲት ጎረቤታችን ብንን ብለው ነቁ። እስካሁን «ፎቶ» ሲባል እያንቀላፉ ነበር፤ «ቀውስ» እና «ሑት» ሲባል ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተጠጉ።

«የልጄን ኮከብ ያወጣልኛል? ስሟን ልንገርህ፣ የእናቷን ስም ታውቀዋለህ።»

ይሄ ኮከብ ቆጠራ እንዳልሆነ ልጁ ለማስረዳት ብዙ ደከመ። አውደ ነገሥቱ የሰውዬውንና የእናቱን ስም ፊደል በቁጥር ደምሮ፣ ለ12 ገድፎ በቀሪው ኮከብ ይሰጣል፤ ስቴላሪየም ያንን አያውቅም። ሴትዮዋ በጥሞና ሰሙትና «እንግዲህ የማያውቅ ከሆነ ይህን ያህል ዳታ ለምን ይበላል?» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ሐቀኛ ጥያቄ ነው፤ እኔም መልስ አላገኘሁለትም።

ሦስተኛው መዘዝ ይኸው፦ ኔትወርኩ ንጹሕ ነበር! የዛሬ ሰርቨር ፎቶውን ከመላኩ በፊት ማንነቱን የሚያሳይ ዲጂታል ሰነድ ያቀርባል፤ ሰነዱ ላይም ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ተጽፏል። ላፕቶፑ በ2018 መጀመሪያ ላይ ነኝ እያለ በ2025 የተሰጠ ሰነድ ሲቀርብለት ምን ያድርግ? ሰባት ዓመት የሚቀረውን ወረቀት ይዞ የመጣን እንግዳ ማን ያስገባል? ሳይጮህ፣ ሳያስረዳ በሩን ዘጋበት። ስልኩን ተሸክሞ በረንዳ ላይ የቆመው ወጣት ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ አልጽፈውም፤ ዋዜማ ነበር።

ሰዓቱ ተስተካከለ። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ፣ ቀኑ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025፣ ከምሽቱ ስምንት ሰዓት በእነሱ። የእኛን አቆጣጠር ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ላፕቶፑን ማሳሳት አያስፈልግም፤ ስቴላሪየም ራሱ ካሌንደርስ የሚባል ተጨማሪ ክፍል አለው። ከፕለጊኖቹ ዝርዝር ስታበሩት ከሂጅራው፣ ከዕብራውያኑና ከግብጾቹ ጋር የኢትዮጵያን ቀን ስክሪኑ ጥግ ላይ ይጽፍላችኋል። ሰዓቱን ግን ስድስት ቀንሳችሁ አንብቡ፤ እስከዚያ ድረስ አልመጡልንም።

አንድ ካሬ ከች አለ። ከዚያ ሁለተኛው። ልጁ የመረጠው ቬጋን ነበር፣ በዚያ ሰዓት በሰሜን ምዕራብ ከፍ ብላ የምትታየዋን ደማቅ ኮከብ። ካሬዎቹ ሞልተው ፎቶው ሲገጥም በስክሪኑ መሐል የቆመው ነጭ ብርሃን ነው፤ ከብርሃኑም አራት ጨረር ወጥቷል፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ጎን። ጥርት ያለ መስቀል።

ኮከብ ያልወጣላቸው ጎረቤታችን ናቸው መጀመሪያ ያዩት። እልልታቸው ውጭ ድረስ ተሰማ። እናቴ የያዘችውን ጀበና አስቀምጣ አማተበች። ሰው ከደጅ ገባ። በደመራ ማታ፣ ቡታጅራ ላይ፣ በሰማይ መስቀል!

ምክንያቱን ልጁም እኔም እናውቀዋለን። በእነዚያ ቴሌስኮፖች ውስጥ መስታወቱን የሚይዘው ዕቃ የተቀመጠው ቱቦው መሐል፣ በብርሃኑ መንገድ ላይ ነው፤ እሱን የሚደግፉት ቀጫጭን ብረቶች ከደማቅ ኮከብ የሚመጣውን ብርሃን ይበትኑታል፣ ብትኑም በመስቀል ቅርጽ ይቀረጻል። በስብስቡ ውስጥ ያለ ደማቅ ኮከብ ሁሉ እንዲህ ነው። ልጁ «እማማ፣ እሱ እኮ» ብሎ ሲጀምር በእግሬ ነካሁት። ሳይንስ ለሁለት ሰዓት ቢዘገይ አይሞትም።

በዚህ መሐል ሐጂ ገቡ፣ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ። ሐጂ የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ እኛ ለዓረፋ እሳቸው ቤት፣ እሳቸው ለመስቀል እኛ ቤት ሳይቀሩ ነው የኖሩት። እልልታው ሲነገራቸው ፈገግ ብለው ስክሪኑን አዩና ለራሳቸው የሚጠቅመውን ጠየቁ፦ ይሄ ዕቃ የረመዳንን ጨረቃ ቀድሞ ያሳያል ወይ? ያሳያል። የፈለጋችሁት ዓመት፣ የፈለጋችሁት ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረቃዋ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ ብላ እንደምትቀር በዲግሪ ይናገራል። ልጁ አሳያቸው። አጤኑት።

«ጥሩ ነው። የት ጋ ማየት እንዳለብኝ ነግሮኛል» አሉ ሐጂ። «የማየው ግን እኔ ነኝ።»

ቀጥለውም እንጦጦ ላይ የኛ መነጽር አለ ይባል የለ ወይ፣ ለምን የአሜሪካን አሮጌ ፎቶ እናያለን አሉ። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች መኖራቸው እውነት ነው፤ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም በ1996 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ብዙ ደክሟል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ ጠባብ ቦታን አጥርቶ የሚያይ ነው፤ መላውን ሰማይ ጠርጎ የሚያነሳ መሣሪያ አሠራሩ ሌላ ነው። ፎቶው አሮጌ መሆኑ ደግሞ ነውር አይደለም። ጥቅም አለው።

ጥቅሙን ለማሳየት ልጁ ሌላ ፕሮግራም ከፈተ፤ ስትራስቡርግ ያለው የሥነ ፈለክ መረጃ ማዕከል የሠራውንና አላዲን የሚባለውን። አላዲን የአንዱን ሰማይ ሁለት ፎቶ፣ የድሮውንና የኋለኛውን፣ እየቀያየረ ያሳያል። ኢላማው የባርናርድ ኮከብ ነው። ከፀሐይ ስድስት ብርሃን ዓመት ያህል ብቻ የሚርቅ፣ በዓይን የማይታይ ቀይ ኮከብ ሲሆን፣ ፈጣንነቱን ኤድዋርድ ባርናርድ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1916 አወቀበት። ከእኛ ጋርም ልዩ ጉርብትና አለው፦ ቡታጅራ ላይ በአናታችን አጠገብ ነው የሚያልፈው፤ በዚያ ማታ ወደ ዘቢዳር ዘንበል ብሎ ነበር። ልጁ በ1950 አካባቢ የተነሳውን ፎቶ አመጣ፣ ቀጥሎ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ የተነሳውን። ሌሎቹ ኮከቦች ባሉበት ሲቆሙ አንዷ ነጥብ ወደ ላይ ዘለለች። የዘለለችው የጨረቃን ስፋት ሩብ ያህል ነው። ከኮከብ አንጻር ይሄ ሩጫ ነው።

ቤቱ ዝም አለ። ባለመነጽሩ እንደገና እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ተደገመ። እናቴ ሲኒውን እያቀረበች፦

«በአርባ ዓመት ይህችን ታህል?»

«አዎ፣ እማማ። ከሁሉም ፈጣኑ እሱ ነው።»

«እሰየው። የኛ ሠፈር መንገድ ከተጀመረ ይህንንም አልተነቃነቀም» አለች።

መብራት የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። የላፕቶፑ ባትሪም ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪ ነው፤ ስክሪኑ ደንገዝገዝ ብሎ ተዘጋ። ይሄኔ አንድ ሰው መናገሩ አይቀርም፣ ተናገረም፦ «እንዲያውም ተገላገልን፣ ውጡና እውነተኛውን ሰማይ እዩ።» ይህን አባባል አልወደውም። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰማይን እንደ ካሳ የሚያቀርቡልን ሰዎች ሰማዩን ራሳቸው አይተውት የሚያውቁ አይመስለኝም። ጨለማ ውስጥ ንጹሕ ዓይን የሚለየው ጥቂት ሺህ ኮከብ ነው፤ ያ መስታወት ላይ ያለው በመቶ ሚሊዮኖች ነው። የባርናርድን ኮከብ እናቴ ደጅ ላይ መቶ ዓመት ብትቆሙ አታዩትም። መብራት መጥፋቱ መብራት መጥፋት ነው፣ ሌላ ስም አያስፈልገውም። ለማንኛውም ወጣን። ደመና ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ለመስቀል አገራችሁ ገብታችሁ ለዘመድ ሰማይ ልታሳዩ ካሰባችሁ፣ ዝግጅቱን አዲስ አበባ ጨርሱት። ባልቲሞር ያለው ተቋም የሰማዩን አድራሻና የምትፈልጉትን ስፋት ስትሰጡት ያንን ቁራጭ በፋይል በነፃ ይሰጣል። ስካይ ቻርት የሚባለውና ፓትሪክ ሼቫሌ የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው የጻፈው ፕሮግራም ደግሞ ፎቶዎቹን ከፎልደር አንብቦ ያለ ኢንተርኔት በካርታው ላይ ያነጥፋቸዋል፤ አላዲንም እንዲሁ ይከፍታቸዋል። ጠቃሚዎቹን መርጣችሁ በፍላሽ ያዙ። የላፕቶፑን ሰዓትና ዓመተ ምሕረት ሳትነሱ እዩ፤ ከፓሪስ መመለሱንም አረጋግጡ። የ2019 ዓ.ም. የደመራ ማታ ጨረቃ ሙሉ ናት፤ ደብዛዛውን ሁሉ በብርሃኗ ስለምትውጠው ፎቶው ያስፈልጋችኋል። ቻርጀር አትርሱ።